ሽምብራዬ ለምለም ነው፣ ፍሬው ግን የት አለ?

ባለፈው እትም ስለ ጥራጥሬ በጥቅሉ ጽፌ ነበር። የመጣው ጥያቄ ግን ከሞላ ጎደል ስለ ሽምብራ ብቻ ሆነ። ምስርና አተር ጠያቂ ዘመድ አጥተው ቀሩ። ሽምብራ ካላችሁ እንግዲህ ሽምብራ ይሁን። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ረጃጅሞቹንም ቆራርጫለሁ፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ።

ጥያቄ፦ ሽምብራ ስዘራ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ወር አልፎታል። ቅጠሉ ያምራል፣ ጉልበቴ ጋ ደርሷል፣ ያየው ሁሉ ያደንቃል። ግን አበባው ይረግፋል። ፍሬ የያዘው በጣት ይቆጠራል። በየሁለት ቀኑ ውሃ አጠጣለሁ፣ ዩሪያም ሁለት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። ሌላ ምን ልጨምርለት?

መልስ፦ ምንም። እባክህ ወንድሜ፣ ምንም አትጨምርለት።

ሽምብራ እንደ ስንዴ ቁመቱን ጨርሶ ወደ ፍሬ የሚዞር ተክል አይደለም። እያበበም ያድጋል። ከሥሩ እርጥበት እስካገኘ ድረስ አዲስ ቅጠል፣ አዲስ ቅርንጫፍ ማውጣቱን አይተውም። «በቃ፣ ውሃው ሊያልቅ ነው፣ ቶሎ ዘር ልተካ» የሚያሰኘው የአፈሩ ቀስ እያለ መድረቅ ነው። አንተ በየሁለት ቀኑ ስታጠጣው ይሄን ስጋት ከላዩ ላይ አነሳህለት፤ እሱም ተመቸውና ቅጠሉን ያወፍራል።

ይሄ ጠባዩ ከትውልድ አገሩ የመጣ ነው። የዱር ዘመዱ ዛሬም በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ይገኛል። ሰው ያላመደውም በዚያው አካባቢ፣ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። እዚያ ዝናቡ በብርዱ ወራት ይዘንብና ያቆማል፣ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ዝም ነው። ከዓለም ሽምብራ አብዛኛውን የምታመርተው ሕንድ ነች፤ እዚያም ብዙው የሚዘራው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። መሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል ማለት ነው። ዋና ሥሩ አፈሩ ከፈቀደለት አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወርዳል። ላዩ ደረቀ ብለህ የምትደነግጠው አንተ ነህ፤ እሱ ታች ይጠጣል።

ዩሪያውም እንደዚያው ነው። ሽምብራ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ከሚሰጡት ባክቴሪያዎች ጋር ይኖራል። አንተ ናይትሮጅኑን በዩሪያ ስታጎርሰው ከእነሱ ጋር መሥራቱን ይተዋል፣ ትርፉን ደግሞ በቅጠል ያወጣዋል። ማዳበሪያ ልስጥ ካልክ ፎስፈረስ ያለው ይሻለዋል፤ እሱም በዘር ወቅት ነው የሚሰጠው።

የአየሩን ነገር ደግሞ አልነገርከኝም። ቀንና ሌሊቱ አማካዩ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ሽምብራ ያብባል እንጂ ፍሬ አይቋጥርም፣ አበባው እንዲሁ ይረግፋል። ይሄ ከሆነ ታገስ፣ ሲሞቅ ይይዛል። በሌላው ጫፍ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የአበባው ዱቄት ይጎዳል፤ ውጤቱ ያው ነው።

አሁን ውሃውን አቁም። ጣትህን አይደለም፣ አካፋ አስገብተህ አፈሩን እይ። እስከ አንድ ክንድ ድረስ በመዳፍህ ስትጨብጠው የሚያያዝ ከሆነ ገና ብዙ እርጥበት አለው። ቀትር ላይ ቅጠሉ ቢዝል አትሩጥ፤ በማለዳ አይተኸው ያኔም ጠውልጎ ከሆነ ነው ውሃ የሚያስፈልገው። ደረቅ ወቅት ላይ አንድ ውሃ ብቻ የማጠጣት ዕድል ካለህ ማበብ ሲጀምር ወይም ፍሬ ሊሞላ ሲል አድርገው። አንዳንድ ገበሬዎች በጣም የለመለመውን ሳያብብ፣ ከተዘራ ከ30 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ጫፍ ጫፉን ይቀነጥሱታል። ያኔ ወደ ጎን ይበዛል። አንተን ግን ጊዜው አልፎሃል።

ይሄን ሁሉ ስዘባርቅ እኔስ ምን ሠርቼ ነበር? የመጀመሪያዎቹን ሽምብራዎቼን ጠዋትም ማታም አጠጣኋቸው። እንደ ሐረግ ተዘርግተው እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ቆሙ። ፎቶ አንስቼ ሰው አስቀናሁ። ፍሬያቸውን ስለቅም አንድ ሲኒ አልሞላም።

ጥያቄ፦ ሽምብራውን ስኮተኩት እጄን ያሳክከኛል። ጣቴን ስቀምሰው ደግሞ ይኮመጥጣል። መድኃኒት የረጨበት ሰው የለም። ምንድን ነው?

መልስ፦ የራሱ ነው እህቴ። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አድርገሽ ብታይው በጣም ደቃቅ ፀጉር አለው፣ ጫፉ ላይ ጠብታ የያዘ። ጠብታው አሲድ ነው፤ በብዛት ማሊክና ኦክሳሊክ አሲድ። አንዳንድ ነፍሳትን ያባርርለታል። ጤዛ ባለበት ማለዳ ይብሳል። እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሺ፣ ዓይንሽን አትሺ፣ ስትጨርሺ ታጠቢ። የምትወጂውን ጫማ አድርገሽ አትግቢ፤ በጤዛ ውስጥ ተመላልሶ ጫማውን የበላው ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓይነት ዘር አግኝቻለሁ፤ አንዱ ደቀቅ ያለ ቡናማ፣ ሌላው ትልልቅ ነጭ። የቱን ልዝራ? ለአንድ ሄክታርስ ስንት ኪሎ ይበቃል? አንዱ 70 ይለኛል፣ ሌላው 140።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ሽምብራ ነው።

ደቀቅ ያለውና ማዕዘን ማዕዘን ያለው ደሲ ይባላል። አበባው አብዛኛውን ጊዜ ሐምራዊ ነው። ትልቁ ነጭ ካቡሊ ነው፣ አበባውም ነጭ። ደሲ በሕንድኛ «የአገር ቤት» እንደማለት ነው። ካቡሊ ደግሞ በካቡል በኩል መጣ ተብሎ የወጣለት ስም ነው። ካቡሊ ገበያ ላይ ዓይን ይገባል፣ ብዙ ጊዜም ዋጋው ይሻላል። ግን ቆዳው ስስ ስለሆነ ቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። ደሲ ጠንካራ ነው፣ በአመዛኙም ቀድሞ ይደርሳል። እርጥበትዎ አጭር ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ከሆነ፣ እኔን ካመኑኝ ደሲ ይዝሩ።

የኪሎውን ነገር ሰው አይጠይቁ፣ ዘርዎን ይመዝኑ። 100 ፍሬ ቆጥረው ሚዛን ላይ ያድርጉ። በመስመርና በመስመር መሀል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መሀል 10 ሳንቲ ሜትር ቢተዉ በካሬ ሜትር 33 ተክል ይገባል። በሄክታር 330,000 ማለት ነው። መቶው ፍሬ 20 ግራም ከመዘነ 66 ኪሎ ይሆናል። 40 ግራም ከመዘነ 132 ኪሎ። ከመቶው 90 የሚበቅል ዘር ከሆነ ደግሞ የማይበቅለውን ለማካካስ ወደ 73 እና ወደ 147 ከፍ ይበሉ። የሁለቱ ወዳጆችዎ ክርክር እዚህ ላይ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ለመብል ከገዛሁት ሽምብራ ላይ ወስጄ ዘራሁ። ግማሹ አልወጣም። ዘር ተብሎ የሚሸጠው ሌላ ነገር አለው እንዴ?

መልስ፦ አስማት የለውም። ልዩነቱ ምንነቱና ዕድሜው መታወቁ፣ መበጠሩና መሞከሩ ነው። ለመብል የተሸጠው ስንት ዓመት እንደተቀመጠ፣ ምን በሽታ ይዞ እንደመጣ አይታወቅም። ሲወቃ የተሰነጠቀም ይኖርበታል፤ ቆዳው የተሰነጠቀ ፍሬ እርጥብ አፈር ውስጥ ለሻጋታ በሩን ከፍቶ እንደመተኛት ነው።

ከመዝራትህ በፊት 100 ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድርና ጠቅልለህ ጥላ ውስጥ አስቀምጥ። ጨርቁ አይድረቅ፣ ውሃም አይቋጥር። በ7 ቀን ጤነኛ ሥር ያወጡትን ቁጠር። ከ85 በታች ከሆነ ወይ ዘሩን ቀይር ወይ አብዝተህ ዝራ።

ጥልቀቱስ? ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር። ላዩ የደረቀ መሬት ከሆነ እርጥቡ ጋ እስኪደርስ ትንሽ ዝቅ ማለት ይቻላል፤ ሽምብራ ከ10 ሳንቲ ሜትርም ይወጣል። ደረቅ መሬት ላይ ለሚዘራ የምወድለት ዘዴ አለ፦ ማታ ዘሩን ነክሮ ማሳደር፣ ጠዋት ውሃውን አጥልሎ ላዩን ማድረቅ፣ በዚያው ቀን መዝራት። ከ8 ሰዓት በላይ አትንከረው። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንከረው።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። ሽምብራ አበባው ሳይከፈት ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ ዘንድሮ ጥሩ ዘር ካገኘህ ለከርሞ ከራስህ ማሳ ማስቀረት ትችላለህ፤ ልጁ እናቱን ይመስላል። ጤነኛውንና ብዙ የያዘውን ተክል ገና ቆሞ ሳለ ምልክት አድርግበት እንጂ ከተወቃ በኋላ ከክምር አትምረጥ።

ጥያቄ፦ «ሽምብራ ማዳበሪያውን ራሱ ይሠራል» ሲባል ሰምቼ ነቅዬ አየሁ። ሥሩ ባዶ ነው። ዋሽተውኛል?

መልስ፦ አልዋሹም፣ ግማሹን ነው የነገሩህ። ማዳበሪያውን የሚሠራለት ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠት ሠርቶ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። የሽምብራው ባክቴሪያ ደግሞ መራጭ ነው። ባቄላ ወይም አተር ሲበቅልበት የኖረ መሬት ለሽምብራ የሚሆነው ላይኖረው ይችላል። ሽምብራ በቅሎበት በማያውቅ መሬት ሥሩ ባዶ ቢሆን አይገርምም።

መጀመሪያ ግን አነቃቀልህን እንይ። ጎትተህ ከሆነ የነቀልከው እብጠቶቹ አፈር ውስጥ ቀርተዋል። ማበብ ሲጀምር ዙሪያውን በአካፋ ቆፍረህ ከነአፈሩ አውጣ፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክረህ አፈሩን አርግፍ። እብጠት ካገኘህ አንዱን በጥፍርህ ሰንጥቀው። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ከሆነ ገና ነው ወይም አይሠራም፣ አረንጓዴ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል።

ከሌለው ለከርሞ «ለሽምብራ» ተብሎ የተዘጋጀውን ሕያው ማዳበሪያ፣ ባክቴሪያው ያለበትን ዱቄት ማለት ነው፣ ፈልግ። ያለፈበት እንዳይሆን ቀኑን እይ። ዘሩን በትንሽ ስኳር ውሃ አርጠብ አድርገህ ዱቄቱን ለውስበት፣ ጥላ ውስጥ። ወዲያው ዝራና አልብሰው፤ ፀሐይ ይገድለዋል። ሕያው ነገር መሆኑን አትርሳ። ፀረ ሻጋታ ከተቀባ ዘር ጋር ስታገናኘውም ልታጠፋው ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ማሳችን ውስጥ ቦታ ቦታ እየመረጠ ሽምብራው ይደርቃል። ቢጫ ይሆናል፣ አንገቱን ይደፋል፣ በቃ። አንዳንዱ ውሃ ጎደለው ይላል፣ አንዳንዱ ውሃ በዛበት ይላል። እየተጨቃጨቅን ነው።

መልስ፦ ጭቅጭቁን አቁሙና ቢላ ይዛችሁ ማሳው ውስጥ ግቡ። ያላለቀለትን፣ ገና መጠውለግ የጀመረውን ምረጡ። ከነሥሩ ንቀሉና ግንዱን ከሥሩ ወደ ላይ ለሁለት ሰንጥቁት። መሀሉ ላይ ጥቁር ቡናማ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ካያችሁ፣ ሥሩ ደግሞ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ከመሰለ፣ ፉዛሪየም የሚባለው አጠውልግ ነው። ሻጋታው የውሃ መሄጃውን ስለሚዘጋው ተክሉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠማል። ሁለታችሁም የምትከራከሩት ለዚህ ነው።

አጠውልግን ረጭታችሁ አትፈውሱትም። አፈር ውስጥ ሽምብራ ሳይዘራበት እንኳ ከ6 ዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ እዚያ ማሳ ላይ ሽምብራን ደጋግሞ መዝራት ሻጋታውን መቀለብ ነው። መድኃኒቱ የሚቋቋም ዝርያ ነው፤ ዘር ስትገዙ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ይሄን ይሁን። የታመመውን ነቅላችሁ አቃጥሉ። ከዚያ ማሳ ዘር አታስቀሩ።

ሥሩ የጠቆረና የላላ፣ ልጣጩ በእጅ የሚወልቅ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሥር አበስብስ። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ውሃ ከተኛበት ቦታ ይነሳል። የደረቀው ረባዳ ረባዳው ቦታ ላይ ነው ወይ? ሽምብራ ውሃ የሚተኛበት መሬት አይወድም፣ ሥሩ አየር ያጣል። ጥቁር ዋልካ አፈር እርጥበት ስለሚይዝ ይስማማዋል፤ ግን ዝናቡ ሳይወጣ ከተዘራበት ያፍነዋል። ወይ ዝናቡ ሲወጣ ዝሩ፣ ወይ መደብ ከፍ አድርጋችሁ ውሃው በቦይ ይውጣ።

ሦስተኛም አለ። ቅጠሉና ቆባው ላይ ክብ ክብ ቡናማ ነጠብጣብ፣ መሀሉ ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ የደቀቁ ጥቋቁር ነጥቦች ክብ ሠርተው ካያችሁ፣ ግንዱም ነጠብጣቡ ጋ የሚሰበር ከሆነ፣ አስኮካይታ የሚባለው ሻጋታ ነው። ብርድና ዝናብ ሲገጥሙለት ማሳውን በአጭር ጊዜ ያዳርሰዋል። በዘርም፣ በቀረ ገለባም ይተላለፋል። ከዝናብ ወይም ከጤዛ በኋላ እርጥብ ማሳ ውስጥ አትመላለሱ፣ በልብሳችሁ ታዛምቱታላችሁ።

አጠውልግን ጨርሶ ባያጠፋውም፣ ለሦስቱም የሚረዳው ነገር ማሳ ማፈራረቅ ነው፤ ቢያንስ ሦስት አራት ዓመት እህል፣ ከዚያ ሽምብራ። ስንዴውም ቢሆን ከሽምብራ በኋላ ሲዘራ ይደሰታል።

ጥያቄ፦ ቆባው ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ትል አየሁ፤ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጪ። በምን ልርጨው?

መልስ፦ ጓይ ትል ነው። ጭንቅላቱን ከትቶ፣ ወገቡን ውጪ ትቶ፣ ተዝናንቶ ይበላል፤ አንዱን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አሲዱም አይገደውም።

መርጨቱን በኋላ እናምጣው። ካየሽው ቀን ይልቅ ያላየሽባቸው ቀናት ናቸው የጎዱሽ። ትሏ ስትፈለፈል የስፌት ክር ታክላለች፣ ቅጠል እየፋቀች ትቆያለች። ካደገች በኋላ ቆባ ውስጥ ስለምትገባ ምንም ብትረጪ አይደርስባትም። ማበብ ሲጀምር በሳምንት ሁለት ጊዜ ማለዳ ነጭ ጨርቅ ከሥሩ አንጥፊና ተክሉን አራግፊው። የሚወድቀውን ቁጠሪ። ትንሽ መደብ ከሆነ ለቅመሽ ግደይ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግሽም። ሰፊ ማሳ ከሆነ ወፍ የሚያርፍበት እንጨት እዚህም እዚያም ትከዪ፤ ወፎቹ ትል ይለቅማሉ።

መርጨት ግድ ከሆነ ትሎቹ ትንንሽ ሳሉ ይሁን። የኒም ዘር ጭማቂ ለትንንሾቹ ይሠራል። ይህንን ትል ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስም ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ ፀሐይ ስለሚያበላሸው አመሻሽ ላይ ነው የሚረጨው። አንድ ዓይነት ኬሚካል ደጋግመሽ አትርጪ። ጓይ ትል ብዙ መድኃኒት በመልመድ በዓለም የታወቀ ነው፤ በመጨረሻ የሚሞቱት ትሉን የሚበሉት ነፍሳት ብቻ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ በረንዳ ላይ በባልዲ ይሆናል? ስንት አገኛለሁ?

መልስ፦ ይሆናል። ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፣ ፀሐይ ሙሉ ቀን ያግኘው። በአንድ ባልዲ ሦስት ተክል ይበቃል። ምርቱን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፦ በሄክታር 10 ኩንታል ማለት በካሬ ሜትር 100 ግራም ነው። ጎበዝ ከሆንሽ 200። አንድ ቆባ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ነው ያለው። እሸቱን ቆመሽ እየፈለፈልሽ ለመብላት ከሆነ ግን ከበረንዳ የሚሻል ቦታ የለም።

ጥያቄ፦ አምና ያስገባሁት ሽምብራ በሦስት ወር ውስጥ ነቀዝ በላው። ፀሐይ ላይ አስጥቼው ነበር፣ ከረጢቱም አዲስ ነበር። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምናልባትም ምንም አላጠፉም፤ ነቀዙ ከማሳው ጀምሮ ወይም ከቤቱ ግድግዳ መጥቶ ነው። ፍሬው ላይ የተጣበቀ ነጭ ነጥብ ካዩ እንቁላሉ ነው። ትሉ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውስጡን ይበላል፣ ጎልማሳ ሆኖ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። እርስዎ ቀዳዳውን ሲያዩ እሱ ወልዶ ጨርሷል።

አጨዳው ላይ እንጀምር። ተክሉ ቢጫ ሆኖ ቅጠሉ ሲረግፍና ቆባው ሲነቀነቅ ፍሬው ከተንኳኳ ደርሷል። በማለዳ ይጨዱ፣ ቀትር ላይ ቆባው ይረግፋል። ሥሩን አይንቀሉ፣ በማጭድ ይቁረጡት፤ ለመሬቱ ይቅርለት። ዘግይቶ ማሳ ላይ በቆየ ቁጥር ነቀዙ እንቁላሉን እዚያው ይጥልበታል።

ድርቀቱን በጨው ይሞክሩት። ክዳን ያለው ደረቅ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ ሽምብራ ያድርጉ፣ ደረቅ ጨው ይጨምሩበት፣ አንድ ደቂቃ በደንብ ይነቅንቁት፣ 10 ደቂቃ ያሳርፉት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ፍሬው ገና እርጥብ ነው፣ ከ15 በመቶ በላይ። ካልተጣበቀም ሁለት ቀን ፀሐይ ይጨምሩለት፤ ለማስቀመጥ 12 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው የሚፈለገው።

ከዚያ አየር የማያስገባ ሦስት ንብርብር ያለው ከረጢት፣ ፒክስ የሚባለው ዓይነት፣ ካገኙ እሱን ይጠቀሙ። ሁለቱን የውስጥ ፕላስቲኮች አንድ በአንድ አየሩን እያስወጡ ጠምዝዘው ይሰሩ። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ኦክሲጅኑን ራሱ ጨርሶ ይሞታል። ደህና ነው ወይ እያሉ በየሳምንቱ ካልከፈቱት ነው ታዲያ፤ በከፈቱ ቁጥር አየር ይገባለታል። አይጥ እንዳይቀደው ከመሬት ከፍ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ከረጢቱን ካላገኙ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ጄሪካን እስከ አፉ ይሙሉ። ለዘር የሚሆን ጥቂት ኪሎ ከሆነ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት እያንዳንዱን ፍሬ እስኪያገኝ ማሸት ይበቃል።

አሁን ቤት ያለው የተበላው ከአዲሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይደር። የተረፈውን ለይተው ቶሎ ይጨርሱት፣ ባዶ የሆነውን ለዶሮ ይስጡት። የድሮውን ከረጢት ደግሞ በፈላ ውሃ ሳይነክሩት አዲስ እህል አያስገቡበት።